የዘይላ መንገድና ሐረር ያልገባው ባቡር

ባለፈው ሰሞን ፈረስ መጋላ ቆመን የድሬ መኪና ስንጠብቅ አንድ የሰፈር ልጅ «ባቡሩ ለምንድነው ሐረር ያልገባው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ዳገቱ ነዋ!» ብዬ ተገላገልኩ። ልክ ነኝ፤ ግን የነገርኩት ግማሹን ነው።

ከአድዋ ድል በኋላ ባለው ዓመት፣ በ1889 ዓ.ም.፣ እንግሊዝ ሬኔል ሮድ የሚባል መልእክተኛ ወደ አፄ ምኒልክ ላከች። ሰውየው የመጣው በዘይላ፣ በሐረር አድርጎ ነው። ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ውል ተፈረመ። ብዙዎቻችን ይህን ውል የምናውቀው በድንበሩ ነው፤ የሶማሌላንድን ወሰን ነገር ሮድና ራስ መኮንን እዚሁ ሐረር ላይ ደብዳቤ ተለዋውጠውበታል። እኔን የሚገርመኝ ግን የንግዱ ክፍል ነው። ከዘይላ በጄልዴሳ አድርጎ ሐረር የሚገባው የሲራራ መንገድ ለሁለቱም አገር ነጋዴ ክፍት ይሆናል። በቀረጥ በኩል የእንግሊዝ ነጋዴ ከሌላው የውጭ ነጋዴ አያንስም። በምላሹ ለኢትዮጵያ መንግሥት አገልግሎት የሚመጣ ዕቃ፣ ምኒልክ ሲጠይቁ፣ ዘይላ ላይ ያለ ቀረጥ ያልፋል። ልብ በሉ፣ በሰው ወደብ ነው እኮ!

ይሄ እንዴት ተገኘ? ድሉ ረድቷል። እንደኔ ግን ጅቡቲም ከድሉ ባልተናነሰ ረድታለች። ፈረንሳይ ጅቡቲ ላይ፣ እንግሊዝ ዘይላ ላይ ተቀምጠው ሁለቱም የሐረርን ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ወደየራሳቸው ወደብ መሳብ ይፈልጋሉ። ራስ መኮንን ደግሞ ከሁለቱም ጋር ይነጋገራሉ። አንዱ ቢያከር ሌላው አለ።

ታዲያ ከውሉ 3 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1886፣ የባቡሩ ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ ተሰጥቶ ነበር፤ መነሻውም ጅቡቲ። ሐሳቡ ሐረር ድረስ ማምጣት ነበር። ተራራው ወጪ ሲያበዛ ሐዲዱ ከሥር ከሜዳው ላይ ቀረ። በ1895 ባቡሩ የደረሰበትን አዲስ ከተማ መጀመሪያ ምን እንዳሉት ታውቃላችሁ? «አዲስ ሐረር»። የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት።

ከዚያ ወዲያ ግመል ከባቡር ጋር ምን ይወዳደራል! የዘይላ መንገድ በወረቀት ክፍት ሆኖ ሲራራው ግን እየሳሳ ሄደ። ሁለት ወደብ ሲሻሙባት የኖረችው ሐረርም ዕቃዋን ቁልቁል እየላከች የባቡሩን ዋጋ መቀበል ሆነ ዕጣዋ።

ይሄን ሁሉ ለልጁ ልነግረው ስል መኪናው ሞላ። ወደ ድሬ ወረድን።