ሊማሊሞን ማን ሠራው?

ማንንም ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ ጣሊያን።

ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚደርሰው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በደጋው ጀርባ ላይ ይጓዛል። ደባርቅን አለፍ ሲል ግን ደጋው በአንድ ጊዜ ያልቅና ገደል ይሆናል። መንገዱ ያን ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። ሊማሊሞ ማለት ይሄ ነው። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ባሉት ዓመታት ውስጥ፣ ጎንደርን ከአስመራ ለማገናኘት የተቆረጠ መንገድ ነው።

"ጣሊያን" የሚለው መልስ ውሸት ባይሆንም ጎደሎ ነው። አገር ድንጋይ አይፈልጥም። ድንጋይ የፈለጠ፣ ባሩድ የቀበረ፣ በገደሉ ጫፍ ላይ አካፋ ይዞ የቆመ ሰው ነበር። ከጣሊያን በመርከብ የመጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ ኤርትራዊና ኢትዮጵያዊ የጉልበት ሠራተኞችም ነበሩ። በቅኝ ገዥው ሥርዓት ክፍያው በዘር የተለየ ነበር፤ አንድ ገደል ላይ ቆመው ነጩና ጥቁሩ እኩል አይከፈላቸውም። ጭንጫው ሲናድ ግን ዘር አይለይም።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጣሊያን የሥራ ላይ አደጋ መድን ሕግ ያወጣችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 ነው፤ ማለትም አድዋ ላይ ከተሸነፈች ከሁለት ዓመት በኋላ። ጀርመን በ1884 ቀድማታለች። የሁለቱም ሕግ ሐሳብ ተመሳሳይ ነው፦ ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት "ጥፋቱ የማን ነው?" የሚለው ክርክር ይቅር፤ አደጋው የሥራው አካል ነውና ካሣውም የሥራው ወጪ ይሁን። ሊማሊሞ ሲቆረጥ ይህ ሐሳብ አውሮፓ ውስጥ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎት ነበር። ሀበሻው ሠራተኛ ግን የገዛ አገሩ ሕግ እንኳ ይህን መብት ገና አልጻፈለትም።

ዛሬ ማንኛውም ሳይት ብትገቡ የጣሊያን ቃል ትሰማላችሁ። ፌሮ፣ ሶሌታ፣ ባሬላ። የሥራውን ቃላት ወርሰናል። የሠራተኛውን ዋስትና ግን ለብቻችን፣ ቀስ ብለን ነው የጻፍነው።

ቅደም ተከተሉን ላስቀምጠው። በ1930ዎቹ አጋማሽ ስለ ፋብሪካዎች የሥራ ሁኔታ አዋጅ ወጣ። በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕጉ ታወጀ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ስለ አሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 መጣ። ደርግ በ1968 የራሱን የሠራተኛ አዋጅ አወጣ። ከዚያ በ1985፣ በ1996፣ በመጨረሻም አሁን የምንሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42ም ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት አላቸው ይላል።

ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2069ን ሳነብ ሊማሊሞ ይታየኛል። ፈንጂ በመጠቀም ወይም በማከማቸት፣ የመሬቱን የተፈጥሮ አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ሰው ለአደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አደጋው ከደረሰ ኃላፊ ነው ይላል። ባሩድና የተቆረጠ ተራራ ማለት ነው። አንቀጹ ሊማሊሞ ላይ ለወደቁት ሃያ ዓመት ያህል ዘግይቶ ደረሰ።

አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። እንደ ማንኛውም የክልሉ ከተማ ፎቅ እያሰበች ነው። ፎቁ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በባሕር ዛፍ እንጨት ርብራብ ነው። ባለቤቱ ለኮንትራክተር ይሰጣል፤ ኮንትራክተሩ ለሌላ፤ ያ ሌላው ለፎርማን፤ ፎርማኑ ደሞ ጠዋት አደባባይ ላይ ቆመው ሥራ ከሚጠብቁት ልጆች አምስቱን "አንተ፣ አንተ" ብሎ ይጠራል። ውል የለም። ስም የለም። ማታ ብር በእጅ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ እንበል። ሕጉ ምን ይለዋል?

አንደኛ፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት ካደረሰ ነው፤ በግልጽ የተሰጠ የደኅንነት መመሪያን መጣስና ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ መግባት እንደዚያ ይቆጠራሉ። "አንሸራተተው እኮ፣ ምን ላድርግ?" መከላከያ አይሆንም። አሠሪው ጥፋት ካለበት ደሞ ሠራተኛው ከዚህ በላይ ካሣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መጠየቅ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት፣ ሕክምና ቦታ ማድረስና የሕክምናውን ወጪ መሸፈን የአሠሪው ግዴታ ነው። ችሮታ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ብሩ። በቀን 500 ብር፣ በወር 26 ቀን የሚሠራ ልጅ በወር 13,000፣ በዓመት 156,000 ብር ያገኛል። ከሥራ ውጭ ሆኖ በሚታከምበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶውን፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶውን ማግኘት አለበት። ዓመቱን ሙሉ ከተኛ ድምሩ 107,250 ብር ነው። በጡረታ ያልታቀፈ ከሆነና ለዘለቄታው ጨርሶ መሥራት ካልቻለ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ፣ 780,000 ብር፤ ጉዳቱ 30 በመቶ ነው ከተባለ 234,000 ብር። ከሞተ ካሣው ለጥገኞቹ ይከፈላል።

ሰፈር ውስጥ "ሽምግልና" ተብሎ 20,000 ብር ተሰጥቶ ፋይሉ ሲዘጋ፣ የተዘጋው ይሄ ሂሳብ ነው።

ውል ስላልነበረውስ? ሕጉ የቃል ውልን ይቀበላል። የጽሑፍ ውል ከሌለ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ፣ ፈርሞ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ያው መሥራቱን ማስረዳት ግን አለበት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። በእኛ ሙያ መዝገብ ያልያዘው ክስተት እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል፤ ሲስተሙ ስለማያውቀው ማንም አያስተካክለውም። አሠሪ ሳይቱ ላይ የደረሰን አደጋ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ሕጉ ያስገድዳል። ያልተመዘገበው ልጅ ግን እንደ ሊማሊሞ ሠራተኛ ነው፤ ሕንፃው በባለቤቱ ስም ይጠራል፣ እሱ ይረሳል። ልዩነቱ ያኛው ሕግ አልነበረውም፤ ይሄኛው አለው።

አደጋው ሠራተኛን ብቻ አይመርጥም። መስከረም 21 ቀን 2018 በምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለግንባታ የቆመ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ። ለበዓሉ የመጡ ምእመናን ነበሩበት። እንዲህ ያለ አደጋ ሠራተኛ ያልሆነን ሰው ሲጎዳ የሠራተኛ አዋጁ አይደርስለትም፤ መንገዱ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፣ ጊዜውም ሁለት ዓመት ነው። ለሠራተኛው በአዋጁ የተሰጠው ጊዜ በመርህ ደረጃ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ለሥራ ክርክር ችሎት የዳኝነት ክፍያ አይከፈልም፤ ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ታዟል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ወንድማችሁ ወይም የሰፈራችሁ ልጅ ሳይት የሚውል ከሆነ፣ ሦስት ነገር ንገሩት። የፎርማኑንና የኮንትራክተሩን ስም ይወቅ። አብረውት የሚውሉትን የሁለት ሰዎች ስልክ ይያዝ፤ ነገ ምስክር እነሱ ናቸው። ከተጎዳ ደሞ ሆስፒታል ካርድ ሲያወጣ "ወደቅኩ" ብቻ አይበል፤ "እዚህ ሳይት፣ ሥራ ላይ ሆኜ ወደቅኩ" ብሎ ያስጽፍ።