ከነጋሪት እስከ ስልክ፦ የአራዳ የመጀመሪያ መስመሮች

በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን የሴባስቶፖል መድፍ ምስል ያየ ሰው መድፉ የተሠራበትን ጋፋትንና ተጎትቶ የወጣበትን መቅደላን ያስባል። ከመድፉ ጀርባ ግን አንድ መልስ ያጣ ደብዳቤ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ በሥላሴ ስም ይጀምራል፣ ደኅንነት ይጠይቃል፣ የቱርክን በደል ያነሣል፤ መልእክተኛ ለመላክ ማሰባቸው የሚገለጸው ወደ ማብቂያው ነው። ለንደን ደርሶ ከቢሮ ቢሮ ሲመራ መልስ የሚሰጠው አጣ። የንጉሡ ቁጣ፣ የእንግሊዙ ቆንስል መታሰርና የ1860ው የመቅደላ ዘመቻ ተከታትለው መጡ።

ጥፋቱ የደብዳቤው አልነበረም። ሰላምታ ሳይቀድም ጉዳይ ማንሣት በዘመኑ ነውር ነው፤ ቸል ያለው ተቀባዩ ነው። ሆኖም የመጀመሪያዋ መስመር ምን ትበል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህም አልቀረም፤ ከአደባባዩ ሽቅብ ባለው በአራዳ ደግሞ እንጀራቸውን ያገኙበት ብዙዎች ናቸው።

ጣሊያን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ ከማዛወሩ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም ነበር፤ በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደምቃል። በእንዲህ ያለ ጫጫታ መካከል አዋጅ ነጋሪ ረጅም መግቢያ ቢያወራ ማን ይሰማዋል? መጀመሪያ ነጋሪት ይጎሰማል፣ ገበያተኛው ዝም ይላል፣ ከዚያ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባላል። ይህች አጭር ጥሪ አድማጩን በአንድ ጊዜ መልእክተኛም ታደርገዋለች። የመስከረም 1888ቱ የዳግማዊ ምኒልክ የክተት አዋጅም አሰካኩ ይደንቃል፦ ፈጣሪን ያመሰግናል፣ የጠላትን መምጣት ይናገራል፣ ጉልበት ያለውና የሌለው ምን እንደሚያደርግ ለየብቻ ያዛል፣ የቀረውን ያስጠነቅቃል፣ ወረኢሉ የሚገናኙበትንም ጊዜ ይቆርጣል። ሁሉም ሰው ራሱን የሚያገኝበት ቦታ አለው። መንግሥት በ1934 ዓ.ም. የሕግ ጋዜጣ ሲያቋቁም «ነጋሪት» ብሎ የሰየመው ያንኑ ከበሮ ይዞ ነው።

ቢሮ ሲበዛ መስመሯ ወደ ወረቀት ወረደች። በአማርኛ የሥራ ደብዳቤ ከተቀባዩ ስም ሥር «ጉዳዩ፦» ተብሎ የሚሰመርባት ሐረግ ብዙ ሸክም አለባት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ሙሉውን ደብዳቤ አያነብም፤ ቁጥርና ቀን ሰጥቶ፣ ጉዳዩን በመዝገቡ ዓምድ ገልብጦ ወደሚመለከተው ክፍል ይመራዋል። «አቤቱታ ስለማቅረብ» ብቻ ያለ ወረቀት የት እንደሚመራ ያስቸግራል፤ «የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ» ያለው ግን መንገዱን ያውቃል። በፍርድ ቤት አካባቢ ታይፕ ዘርግተው የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ትልቁ ችሎታቸው ይህ ነበር፤ ባለጉዳዩ ሆዱ እስኪቀለው የሚተርከውን ሰምተው በአራት በአምስት ቃል መቋጨት። ስማቸው በሥነ ጽሑፍ ታሪክ እምብዛም አለመጠቀሱ ያሳዝናል።

ጋዜጣው ሌላ መንገድ ሄደ። በምኒልክ ዘመን በእጅ ጽሑፍ በጥቂት ቅጂ የተጀመረው «አእምሮ» አንባቢው ቤተ መንግሥትና መኳንንት ስለነበር መጮህ አላስፈለገውም። ግንቦት 30 ቀን 1933 የወጣው «አዲስ ዘመን» ከስሙ ጀምሮ ዜና ነው። በአርዕስት መሸጥ የመጣው ግን ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ ነው። «ጦቢያ»ን የመሳሰሉ የግል ኅትመቶች ሲበራከቱ አዟሪዎች በፒያሳና በአራት ኪሎ አስፋልት ዳር ደርድረው ፊት ገጻቸውን ለአላፊ አግዳሚው ሰጡት። ገዢው ቆሞ አርዕስት ያነብባል፣ ከዚያ ኪሱን ይዳስሳል። ሳይገዛ ተከራይቶ አንብቦ የሚመልስም ነበር፤ ይህ አንባቢ አርዕስቱ የገባውን ቃል ውስጡ እንዳላገኘ ወዲያው ለጓደኛው ይናገራል። በጥያቄ ምልክት የሚያስደነግጥ፣ ገጹ ሲገለጥ ግን ባዶ የሆነ አርዕስት ለአንድ ሳምንት ያሸጥ ይሆናል፤ ተመላሽ አንባቢ ግን አያፈራም።

ኢሜይል «ጉዳይ» የምትለውን መስመር ይዞ ሲመጣ ነጋዴ ቶሎ ደረሰባት። እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ የአሜሪካ የኮምፒውተር ኩባንያ ሻጭ ለ400 ያህል ሰዎች ያልጠየቁትን ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከ፤ የተቀባዮቹ አድራሻ ዝርዝር ከመብዛቱ የተነሣ ወደ መልእክቱ አካል ፈሰሰ። ቁጣ አተረፈ፣ ገበያም አገኘ።

ዛሬ በአዲስ አበባ የወርቅ ቤት ወይም የልብስ መደብር ያለው ሰው ከኢሜይል ይልቅ በቴሌግራምና በአጭር መልእክት ይሸጣል፤ ደንበኛው መጀመሪያ የሚያየው ግን ያው በስልኩ መስኮት ላይ ብቅ የምትለውን መስመር ነው። ፊደላችን እዚህ ላይ ትልቅ ጸጋ አለው፤ ተነባቢና አናባቢ በአንድ ቅርጽ ስለሚያዙ «ቅናሽ» በሦስት ፊደል ያልቃል። ይሁንና አጭር መልእክት በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል፤ አንዳንድ ድርጅት አማርኛን በላቲን የሚጽፈውም ወጪ ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ሰባ ፊደል ግን ዕቃውን፣ ዋጋውን፣ ቦታውንና ቀኑን ለመናገር ይበቃል። የማይበቃው «ውድ ደንበኛችን፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን» ብሎ ለሚጀምር ነው፤ ይህ ሰላምታ ብቻውን ከሰባው ግማሽ ያህሉን ይወስዳል።