ወደ ጎንደርና ስሜን ተራሮች ለመጓዝ፤ ዕቅዱ ከወቅቱ ይጀምራል

ጎንደር፦ የዕረፍት ጊዜውን በጎንደርና በስሜን ተራሮች ለማሳለፍ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ "በየትኛው ወር ልሂድ?" የሚለው ነው። የከተማዋ በዓላት፣ የተራሮቹ የአየር ጠባይ እና ጎብኚን የሚያስተናግደው የደጋ አርሶ አደር የሥራ ጊዜ ሦስቱም የሚመሩት በወቅት ነው።

ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ያለው ጊዜ ክረምት ነው። ጉም ገደላገደሉን ይሸፍናል፤ የእግር መንገዱም ይጨቀያል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ዝናቡ አባርቶ አየሩ ይጠራል፤ ሜዳው ለምለም፣ ገብሱም በማሳ ላይ ስለሚኾን ለተራራ ጉዞ ተመራጭ ወቅት ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሣሩ ይደርቃል፤ አቧራና ጭጋግ የሩቁን እይታ ይቀንሳሉ።

ጥምቀትን በጎንደር ማክበር የሚፈልግ ዕቅዱን በጥር 10 ከተራና በጥር 11 ዙሪያ ያወጣል። ታቦታቱ በአጼ ፋሲል መዋኛ ባሕረ ጥምቀት ያድራሉ። በዓሉ በ2012 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። በእነዚህ ቀናት አልጋ ስለማይገኝ ማረፊያን ከወራት በፊት መያዝ ያስፈልጋል። በዓሉን አክብሮ ወደ ተራሮቹ መውጣት ሁለቱን በአንድ ጉዞ ለማየት ያስችላል።

ከአዲስ አበባ ጎንደር በየብስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ይወስዳል። በ1628 ዓ.ም በአጼ ፋሲል የተቆረቆረችውን ከተማ ተረጋግቶ ለማየት ሁለት ቀን ይበቃል። የመጀመሪያው ቀን በ1972 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ለተመዘገበው ለፋሲል ግቢ፣ ሁለተኛው ለደብረ ብርሃን ሥላሴ እና ለእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ሊመደብ ይችላል። ዩኔስኮ በግቢው ሕንጻዎች ላይ የሕንድና የዓረብ የግንባታ ጥበብ አሻራ እንዳለ፣ በኋላም ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ያመጡት የአውሮፓ ስልት እንደታከለበት ይገልጻል።

የሕንድን አሻራ ተከትሎ ለሚሄድ መንገደኛ ጎርጎራ ተጨማሪ አንድ ቀን ይገባታል። በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኘው ይህች ሥፍራ በአጼ ሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያኑ መቀመጫ ነበረች። ከእነርሱ አንዱ የኾነው ፔድሮ ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት በሕንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ በጎዋ ቆይቷል። ጎርጎራ ዛሬ ከገበታ ለሀገር ፕሮጀክቶች አንዷ ናት።

የተራራው ጉዞ መነሻ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ደባርቅ ናት። መንገዱ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት የወገራን የገብስና የስንዴ ማሳዎች አቋርጦ ያልፋል። ጎብኚው ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ክፍያ ፈጽሞ የጥበቃ አጃቢ ይመደብለታል። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ እና የጭነት በቅሎም የሚገኙት ከዚሁ ነው።

አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ሳንቃበር አካባቢ ደርሶ ጭላዳ ዝንጀሮዎችን አይቶ ሊመለስ ይችላል። ከሦስት እስከ አራት ቀን ያለው ከሳንቃበር በግጭ በኩል እስከ ጨነቅ በእግሩ ይጓዛል፤ ዋሊያን የማየት ዕድሉም ጨነቅ አካባቢ ይሰፋል። ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ራስ ደጀንን መውጣት የሚፈልግ ተጨማሪ ቀናት ይዞ መነሳት አለበት። ካምፖቹ ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ስለኾኑ ከቆላ የመጣ ሰው ጎንደር ወይም ደባርቅ አድሮ ሰውነቱን ቢያለማምድ ይመረጣል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከበረታ መፍትሔው ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ነው። ወፍራም ልብስ፣ የዝናብ መከላከያ እና የፀሐይ ባርኔጣ በማንኛውም ወቅት አይቀሩም። ለእንስሳቱ ምግብ መስጠትና ቆሻሻ ጥሎ መመለስ የተከለከለ ነው።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም በሕግ ተቋቁሞ በ1970 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የዋሊያ ቁጥር መቀነስና የእርሻ መስፋፋት አደጋ ውስጥ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብተውት እስከ 2009 ዓ.ም ቆይቷል። ከመዝገቡ እንዲወጣ የተከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም፤ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የግጭ አርሶ አደሮች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። በፓርኩ ዙሪያ የግጦሽና የእርሻ መሬት ለተገደበበት ቤተሰብ በቅሎ ማከራየት፣ ጎብኚን ማጀብና ምግብ ማብሰል የገቢ ምንጭ ነው። የጎብኚው ወቅት የሚበረታውም አዝመራው ተሰብስቦ በቅሎውም ባለቤቱም ከእርሻ ሥራ ፋታ በሚያገኙበት በበጋ ነው።

ኮሮና በ2012 ዓ.ም፣ በ2013 ዓ.ም የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት እና ከዚያ በኋላ የቀጠለው የክልሉ የጸጥታ ችግር ይህን ገቢ አዳክመውታል። የቀረ ጉዞ ሆቴሉን ብቻ ሳይኾን ተራውን ሲጠብቅ የነበረውን በቅሎ ጫኝም ይነካል።

ስለዚህ ቀን ከመቁረጥ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ወቅታዊ ኹኔታ ከጎንደር ከተማ ባሕልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት እና ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ማጣራት፣ ለመሸጋሸጊያ የሚኾኑ አንድ ሁለት ቀናትን መተው ተገቢ ነው። ጉዞው አስተማማኝ ኾኖ ከተገኘ ደግሞ ስንቅን ከደባርቅ ገበያ መሸመት፣ አጃቢና በቅሎንም ከአካባቢው ሰው መያዝ የዕረፍቱን ወጪ ለደጋው አርሶ አደር የበጋ ገቢ ያደርገዋል። የተሰረዘ ጉዞን ቀድሞ ማሳወቅም ተረኛው ሌላ ሥራ እንዲፈልግ ጊዜ ይሰጠዋል።