ሄድፎናችሁ «ጥዝዝ» ሲል፦ የአንድ አሮጌ ችግር ታሪክ

ሄድፎናችሁን ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ የምትወዱትን ዘፈን ከፈታችሁ እንበል። ቤዙ በመታ ቁጥር ግን በአንዱ ጆሮ በኩል «ጥዝዝ» የሚል ነገር አብሮ ይሰማል። «በቃ፣ ተበላሽቷል» ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት አንዴ ቆዩ! ይህ ችግር ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ አለው። ታሪኩን ካወቃችሁ ጥፋቱን የት እንደምትፈልጉትም ታውቃላችሁ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤል በ1876 ስልክን ካስተዋወቀ በኋላ በመጡት የስልክ ማዳመጫዎች ውስጥ ድያፍራም የሚባል ስስ የብረት ዝርግ ነበር። ከኋላው ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት አለ። በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሲለዋወጥ የማግኔቱ ጉልበት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ብረቱም እየተሳበና እየተለቀቀ አየሩን ያርገበግባል። ድምፅ ማለት ይኸው ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ብረቱ ወደ ማግኔቱ በቀረበ መጠን የሚስበው ኃይል ይበረታል። ስለዚህ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚያደርገው እንቅስቃሴ እኩል አይሆንም፤ ድምፁ ይዛባል። ድምፁ በጣም ሲጮህ ደግሞ ብረቱ ማግኔቱን እየነካ ይንጣጣል።

በ1910 ገደማ በአሜሪካ የዩታ ሰው ናትናኤል ባልድዊን በቤቱ ኩሽና የሠራውን ማዳመጫ ለአገሩ ባሕር ኃይል ላከ። ዘዴው ቀላል ይመስላል፦ ትንሿን ብረት በማግኔቱ ጫፎች መሐል አስቀመጣት። ከሁለቱም ወገን እኩል ስለምትሳብ ወደ አንዱ አታዘነብልም። ባሕር ኃይሉም ማዳመጫውን ገዛው።

በ1937 ደግሞ የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ዲቲ 48 የተባለውን ሄድፎን አወጣ። በዚህ ዓይነቱ ሄድፎን የሚንቀሳቀሰው ብረት ሳይሆን ቀላል ድያፍራም ላይ የተጣበቀው ጥቅል ሽቦ ራሱ ነው። ዛሬ የያዛችሁት ሄድፎንም ሳይሆን አይቀርም የዚሁ ዘር ነው። መዛባቱ በጣም ቀነሰ። ግን ሽቦው የሚመላለሰው በማግኔቱ ውስጥ ባለ ጠባብ ክፍተት ነው። አዲሱ መፍትሔ አዲስ ችግር ወለደ፦ ድያፍራሙን የነካች አንዲት ፀጉር ብቻ «ጥዝዝ» ታሰኘዋለች።

እሺ፣ አሁን እንመርምር። መጀመሪያ ሄድፎኑን በሌላ ስልክ ሞክሩት። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ የሄድፎኑ አይደለም። ካልጠፋ ድምፁን ቀንሱ። ሲቀነስ ብቻ ከተሻለው ድያፍራሙ ከአቅሙ በላይ እየተገፋ ሊሆን ይችላል፤ ቤዙን አውርዱለት። ቀንሳችሁም ጥዝ ካለ ትራሱን አንሱና ፀጉር ወይም አቧራ መኖሩን እዩ። ምንም ከሌለ ምናልባት ሽቦው ተጣሞ የክፍተቱን ጎን እየፋቀ ነው፤ ይህ በማጽዳት አይድንም፣ የውስጡ ስፒከር መቀየር አለበት።

ፀጉሯን ስታወጡ ግን የብረት ወረንጦ አትጠቀሙ። ማግኔቱ ወረንጦውን ስቦ ድያፍራሙን ሊያስበሳው ይችላል። ያ የቤል ዘመን ማግኔት ብረት መሳቡን ዛሬም አልተወም!