የአልጋ ስፋትና የእንግዳ ዕረፍት

በአማርኛ አልጋ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። አንደኛው፥ ደክሞ የመጣ ሰው ጐኑን የሚያሳርፍበት ዕቃ ነው፤ ሁለተኛው፥ ንጉሥ የሚቀመጥበት ዙፋን ነው፤ አልጋ ወራሽ መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። በመንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ደግሞ ሦስተኛ ፍች ተጨምሮበታል። መንገደኛው ወደ ሆቴል ገብቶ «አልጋ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ክፍሉን፥ ቍልፉን፥ መብራቱንና ውሃውን ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልሎ መጠየቁ ነው። ቃሉ ከዙፋን ወደ ኪራይ እንዴት እንደ ወረደ ለሚመረምር ሰው የአዲስ ዓለም ታሪክ መልካም ምስክር ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአምቦ መንገድ ላይ የምትገኘው አዲስ ዓለም፥ ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ አልጋቸውን ሊያዛውሩባት ያሰቧት ከተማ ናት። በ1879 ዓ.ም. የተቈረቈረችው አዲስ አበባ ሕዝቧ እየበዛ ሲሄድ፥ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለቤትና ለማገዶ እየተቈረጠ አለቀ። በቀደመው ልማድ እንጨት ሲያልቅ ከተማው ይነሣል፤ የንጉሡም ድንኳን እንጨት ወዳለበት ይሄዳል። ስለዚህ በ1893 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ ዓለም የቤተ መንግሥት ሥራ ተጀመረ። ነገር ግን በአዲስ አበባ ቤት የሠሩት የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ጥለው መነሣትን አልወደዱም፤ ከአውስትራልያ ምድር የተገኘው ባሕር ዛፍም ፈጥኖ አድጎ የእንጨቱን ችግር አቃለለው። አልጋው ሳይነሣ ቀረ፤ ለንጉሥ የተጀመረው ሕንፃም የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንዲህም ሆኖ አዲስ ዓለም የንጉሥ አልጋ ቀርቶባት የመንገደኛ አልጋ ከተማ ሆነች።

በዚያ ዘመን ከወለጋ በአምቦ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መንገደኛ ሲመሽበት ከአንድ ደጃፍ ቆሞ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። ኦሮምኛ ተናጋሪውም ባላገር በራሱ ቋንቋ እንዲሁ ያደርግ ነበር። አስቀድሞ የእንግዳው እግር ይታጠባል፤ ከዚያም እራት ይቀርብለታል፤ የአገሩም ወሬ ይጠየቃል። በመጨረሻ ባለቤቱ አልጋውን ለቅቆለት እርሱ ከልጆቹ ጋር በመደብ ላይ ይተኛል። አልጋውም በጠፍር የተጠላለፈ፥ ቁርበት ወይም አጎዛ የተነጠፈበት፥ ጠባብ ነገር ነው። ይህን ልማድ ያለ ነቀፋ ማመስገን ግን እውነትን ማጕደል ይሆናል። ቤቱ ጭስ ይሞላዋል፤ ቍንጫውና ትኋኑም እንግዳ አያከብርም፤ ያን ሁሉ ውሃ የቀዳችውና እህሉን የፈጨችው ሴት መቼ እንደ ተኛች የጠየቀ የለም። ሆኖም እንግዳው በማን እጅ እንዳለ ያውቅ ነበር።

ማደሪያ በገንዘብ መሸጥ በአዲስ አበባ ልማድ የሆነው በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል አማካይነት ነው፤ የሆቴሉም ምሥረታ በ1898 ዓ.ም. ይቈጠራል። ነገሩ ለጊዜው እንግዳ ሆኖ ነበር። በቤቱ ግብር የሚያበላ ሰው በዋጋ መብላትን እንደ ነውር ቈጥሮ ስላፈረ፥ ንጉሡ ራሳቸው መኳንንቱን ጠርተው ከበሉ በኋላ ሒሳብ በመክፈል አስለመዱ ተብሎ ይተረካል። ከዚያ ወዲህ ሆቴል በሆቴል ላይ ተጨመረ፤ በ1962 ዓ.ም. ሂልተን፥ በ1990 ዓ.ም. ሸራተን ተከፈተ። አልጋውም ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሄደ።

አልጋን በልኩ ማወደስ ግን የዛሬ ሥራ አይደለም። የባሳን ንጉሥ የዐግ የብረት አልጋ ቁመቱ ዘጠኝ፥ ወርዱ አራት ክንድ እንደ ነበረ በኦሪት ዘዳግም ተጽፏል። በእንግሊዝ አገር ዌር በምትባል ከተማ ደግሞ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1590 ገደማ ወርዱ ከ3 ሜትር የሚበልጥ አልጋ ተሠርቶ በእንግዳ ማደሪያ ውስጥ ስሙ ወጣ፤ ሼክስፒርም በተውኔቱ ጠቀሰው፤ ዛሬ በሎንዶን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይታያል። በኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ ፍራሽ ሠሪዎች ወርዱ 152 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ኩዊን፥ 193 የሆነውን ኪንግ እያሉ በሰፊው መሸጥ ጀመሩ፤ ይኸውም የንግሥትና የንጉሥ ማለት ነው። አማርኛ ዙፋኑን አልጋ ሲለው፥ የአሜሪካ ነጋዴ አልጋውን የንጉሥ አለው። አራት ክንድም 1 ሜትር ከ80 ያህል ነውና፥ የዐግ አልጋ በወርድ ዛሬ በትልቅ ሆቴል ከሚነጠፈው ብዙ አይበልጥም ነበር።

ልክን ማወቅ በእርግጥ ይጠቅማል። አናጢዎች «ሜትር ከሃያ» በሚሉት አልጋ ሁለት ሰዎች ቢተኙ ለእያንዳንዳቸው 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሳቸዋል፤ ይህም በአሜሪካ ለአንድ ሕፃን ከሚሠራው አልጋ ያነሰ ነው። «ሜትር ከሃምሳ» 75፥ «ሜትር ከሰማንያ» 90 ሳንቲ ሜትር ያደርሳል። ስለዚህ ባልና ሚስት ሆነው የመጡትን እንግዶች በሜትር ከሃያ አስተኝቶ የሁለት ሰው ዋጋ መቀበል ቅን ንግድ አይደለም።

ነገር ግን ሰፊው አልጋ ሁሉ እንቅልፍ አይሰጥም። በ2016 በኤውሮፓ አቈጣጠር ከአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፥ ሰው በማያውቀው ስፍራ በሚያድርበት በመጀመሪያው ሌሊት የአንጐሉ ግራ ክፍል እንደ ቀኙ አጥብቆ አይተኛም፤ እንደ ዘበኛ ሆኖ ድምፅ ያዳምጣል። እንግዳው በ193 ሳንቲ ሜትር ፍራሽ ላይ ተዘርግቶ ሳለ የኰሪደሩን ኮቴና የጎረቤቱን በር ሲቈጥር የሚያነጋው በዚህ ምክንያት ነው። የጥንቱ አስተናጋጅ ይህን ጥናት አላነበበም፤ ነገር ግን እግር አጥቦ፥ ስም ጠይቆ፥ ራሱ ከበሩ አጠገብ በመደቡ ላይ ሲተኛ፥ ዘበኝነቱን ከእንግዳው ላይ ተቀብሎ ያሳርፈው ነበር።

በመጽሐፈ ነገሥት ሱነማዊቷ ሴት ለነቢዩ ኤልሳዕ ታናሽ ሰገነት ሠርታ አልጋ፥ ጠረጴዛ፥ ወንበርና መቅረዝ አኖረችለት፤ እነዚህም አራት ዕቃዎች እስከ ዛሬ ከሆቴል ክፍል አልጠፉም። የዐግ አልጋ ልኩ ተጽፏል፥ ዕረፍቱ አልተጻፈም፤ የሱነማዊቷ አልጋ ልኩ አልተጻፈም፥ ነቢዩ ግን ባለፈ ቍጥር ወደዚያው ይመለስ ነበር።

እንግዲህ በአዲስ አበባም ሆነ በአምቦ መንገድ ላይ ሆቴል የሚያቆም ሰው ሰፊ ፍራሽ ቢገዛ ይመሰገናል። ከፍራሹ ጋር ግን በሩ አጥብቆ የሚዘጋ፥ ሙዚቃው በጊዜው ዝም የሚል፥ ውሃው የት እንዳለ ለእንግዳው በትሕትና የሚነገር ይሁን። «አልጋ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ የሚጠይቀው ስለ እንጨቱና ስለ ስፖንጁ ብቻ አይደለምና። አባቶቹ ከደጃፍ ቆመው ይጠይቁት የነበረውን ነው፤ በዚህ ቤት ሌሊቱን የሚነቃልኝ ሰው አለ ወይ?