ሻለቃ ክሌመንት አትሊ፤ ከጦር ሜዳ እስከ ሸንጎ

ክሌመንት አትሊ በ1883 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው) በለንደን ከአንድ ባለጸጋ የሕግ ጠበቃ ቤት ተወለዱ። በኦክስፎርድ ታሪክ ተምረው ለጥብቅና ቢሠለጥኑም፥ በምሥራቅ ለንደን የድኾችን ኑሮ በዐይናቸው ካዩ በኋላ ሐሳባቸው ወደ ሕዝብ አገልግሎት አዘነበለ።

በ1914 ዓ.ም. ታላቁ ጦርነት ሲነሣ ወደ ጦር ሠራዊት ገቡ። ታላቅ ወንድማቸው ቶም ግን ሕሊናቸው መዝመትን ስላልፈቀደላቸው በጦርነቱ ዘመን ታሰሩ። አትሊ በጋሊፖሊ ዘመቱ፤ ሠራዊቱ ከሱቭላ ሲወጣ ስፍራውን ከለቀቁት መጨረሻዎች አንዱ ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. በሜሶፖታሚያ ቆሰሉ። በሻለቅነት ማዕርግ ተመልሰውም በ1922 ዓ.ም. የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ።

በ1935 ዓ.ም. የሠራተኛው ፓርቲ መሪነት በእጃቸው በገባ ጊዜ ኢጣልያ ኢትዮጵያን ወርራ ነበር። የብሪታንያው ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ከተወረረችው አገር ብዙውን ክፍል ቆርሰው ለወራሪው ለመስጠት ተስማሙ። የብሪታንያ ሕዝብ ስለ ተቈጣ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። በማግሥቱ አትሊ በሸንጎው ፊት ቆመው መንግሥቱን ወቀሱ፤ በድምፅ ግን ተሸነፉ።

ከ1945 እስከ 1951 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ ሕንድ ነጻነቷን አገኘች፤ በ1948 ዓ.ም. የብሪታንያ ሕዝብ ያለ ክፍያ መታከም ጀመረ። አትሊ በ1967 ዓ.ም. ዐረፉ።

የጦርነትን ክፋት የሚያውቅ ወታደር ሰላምን መውደዱ አያስደንቅም። አትሊን የሚያስመሰግናቸው ግን ወራሪ የሚሸለምበትን ስምምነት ሰላም ብለው አለመቀበላቸው ነው።