የአይሮፕላን ነጂ ጆሮ

አራሽ በሬዎቹን በዜማ እያወደሰ ያርሳል፤ አጫጆች በኅብረት እየዘፈኑ ያጭዳሉ፤ ከወፍጮ ላይ ያለች ሴትም እንጉርጉሮዋን ከመጁ ድምፅ ጋራ ታስማማለች። ዘፈን ድካምን እንደሚያቀልል ለሕዝባችን ማስረጃ መቍጠር አያስፈልግም። ስለዚህ አይሮፕላን ነጂ በሚበርበት ጊዜ ሙዚቃ ቢያዳምጥ ምን ነውር አለበት? የሚል ጥያቄ ሲቀርብልን፣ መጀመሪያ ወደ አፋችን የሚመጣው መልስ ምንም የለበትም የሚል ነው። ነገር ግን የአራሹን ሥራ ከነጂው ሥራ ጋራ ስናስተያይ አንድ ታላቅ ልዩነት እናገኛለን። አራሹ የሚሠራው በእጁ፣ በእግሩና በዓይኑ ነው፤ ጆሮው ለዘፈን ትርፍ ነው። የአይሮፕላን ነጂ ጆሮ ግን ራሱ የሥራ መሣሪያ ሆኖ ኖሯል። ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ይህ መሣሪያ ያለፈበትን ታሪክ ብንመረምር ይሻላል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

ቻርልስ ሊንድበርግ በሜይ 1927 ከኒውዮርክ ተነሥቶ ብቻውን እስከ ፓሪስ ሲበር፣ ክብደት እንዳይበዛበት ሲል ራዲዮ አልያዘም ነበር። ሠላሳ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል በረረ፤ የተነሣውም ሳይተኛ አድሮ ነው። ጠላቱ ማዕበሉና በረዶው ብቻ ሳይሆን እንቅልፉም ነበር። የጐን መስኮቶቹን መስተዋት ሳይገጥም የቀረውም ብርዱ ነፋስ ፊቱን እየመታ እንዲያነቃው ብሎ ነው። በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፣ ከድካሙ ብዛት የተነሣ ከኋላው ረቂቅ ፍጥረቶች ተቀምጠው ሲያነጋግሩት ይሰማው ነበር። በዚያች ሌሊት አንድ ዘፈን ምን ያህል ይረዳው እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም፤ ለሙዚቃ ጥብቅና የሚቆም ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር አያገኝም። ይሁን እንጂ ከውቅያኖሱ በላይ ሕይወቱ የተንጠለጠለችው በአንድ ሞተር ላይ ነበርና፣ የዚያን ሞተር ደኅንነት ከሚነግሩት ነገሮች አንዱ ድምፁ እንደ ነበር መርሳት አይገባንም።

ጥቂት ቈይቶ ጆሮ ከዚህ የበለጠ ኀላፊነት ተጣለበት። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ የአየር መንገዶች ላይ የራዲዮ ምልክት የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች ተተከሉ። ጣቢያው በአንደኛው ወገን አጭርና ረዥም ድምፅ፣ በሌላው ወገን ረዥምና አጭር ድምፅ ይልካል። ነጂው ከመንገዱ ወደ አንዱ ወገን ሲያዘነብል የዚያን ወገን ምልክት ይሰማል። በትክክለኛው መንገድ ላይ ሲሆን ግን የአንደኛው ድምፅ የሌላውን ክፍተት ስለሚሞላ፣ ሳይቋረጥ የሚያንጐራጕር አንድ ድምፅ ብቻ ይሆንለታል። በደመና ውስጥ የሚበር ሰው መንገዱን የሚያየው በጆሮው ነበር ማለት ነው። የመብረቅ ጩኸት በተቀላቀለበት ማዳመጫ ያንን ድምፅ ለሰዓታት መከታተል አሰልቺ እንደሚሆን ግልጽ ነው። ቢሆንም ይህን ሰው ዘፈን ስማ ማለት፣ በገደል አፋፍ የሚሄደውን መንገደኛ ዓይንህን ጨፍን ከማለት አይለይም።

ከዚህ በኋላ አቅጣጫ የሚያመለክት ራዲዮ መጣ። የዚህ መሣሪያ መርፌ ነጂው ወደ መረጠው ጣቢያ ያመለክታል፤ ጣቢያውም የግድ ለአይሮፕላን ተብሎ የተሠራ መሆን የለበትም፤ ለከተማ ሕዝብ ዜናና ዘፈን የሚያሰማ ተራ የራዲዮ ጣቢያም ይበቃል። እነሆ ሙዚቃው ራሱ መንገድ ሆነ! ነጂው የሚሄድበትን ከተማ ጣቢያ ይከፍታል፤ ዘፈኑን እየሰማ መርፌውን ይከተላል። ነገር ግን መርፌው ፍጹም ታማኝ አይደለም። ነጐድጓድ ባለበት ወደ መብረቁ ይሳባል፤ ሌሊት ይዋልላል፤ ጣቢያው ዝም ቢልም ስሕተት መኖሩን የሚናገር ምልክት የለውም። ስለዚህ ነጂው የጣቢያውን መለያ በጆሮው መጠበቅ ነበረበት። ዘፈን ደግሞ በየትኛው ከተማ እንደሚዘፈን አይናገርም፤ ተናጋሪው ብቅ ብሎ የጣቢያውን ስም እስኪጠራ ድረስ መጠበቅ ግድ ነው።

ይህ ነገር እስከ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ዓለም የተረዳው በዲሴምበር 7 ቀን 1941 ነው። በዚያች ሌሊት አሥራ ሁለት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አይሮፕላኖች ከካሊፎርኒያ ተነሥተው ወደ ሃዋይ ይጓዙ ነበር። መንገዳቸውን እንዲያገኙም በሠራዊቱ ጥያቄ የሆኖሉሉ ራዲዮ ጣቢያ ሌሊቱን ሙሉ የሃዋይ ሙዚቃ ሲያሰማ አደረ። ያንኑ ሙዚቃ ሌላ ጆሮም ይሰማው ነበር። የጃፓንን የመጀመሪያ ጭፍራ፣ 183 አይሮፕላኖችን፣ የሚመራው ሚትሱዎ ፉቺዳ ከደመና በላይ ሆኖ መሣሪያውን ወደ ሆኖሉሉ ጣቢያ አዙሮ አቅጣጫውን በዘፈኑ አስተካከለ። ከዚያው ጣቢያ በደሴቱ ላይ ደመናው በአብዛኛው ተራሮቹን የያዘ፣ አየሩም ለዓይን የጠራ መሆኑን ሰማ። አንዱ ዘፈን ወዳጅንም ጠላትንም በአንድነት መራ።

ሦስተኛ ሰሚም ነበረ። ሌተናንት ከርሚት ታይለር ከንጋት በፊት ወደ ሥራው በመኪና ሲሄድ ያን ሙዚቃ ሰማ። ጣቢያው ሌሊቱን ሙሉ ሲያዜም ቦምብ ጣዮቹ ከአሜሪካ እየመጡ ነው ማለት መሆኑን ከወዳጁ ተረድቶ ነበር። ከጧቱ አንድ ሰዓት ገደማ በኦፓና የራዳር ጣቢያ የነበሩ ሁለት ወታደሮች ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚመጣ ብዙ አይሮፕላን አይተው በስልክ ሲያስታውቁት፣ የሌሊቱ ዘፈን ትዝ አለውና እንዳያስቡ ነገራቸው። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ቦምቡ መውረድ ጀመረ፤ በዚያች ጧት ከ2,400 የሚበልጡ አሜሪካውያን ሞቱ። አሥራ ሁለቱ ቦምብ ጣዮችም በተኩሱ መካከል ደረሱ፤ አንዱ በጎልፍ መጫወቻ ሜዳ ላይ እስከ ማረፍ ደርሷል። ታይለርን የመረመሩት ሰዎች አልቀጡትም፤ እኛም ብንሆን ልንፈርድበት አይቃጣንም። ዘፈኑ አልዋሸውም፤ በእርግጥም ቦምብ ጣዮቹ እየመጡ ነበር። ጥፋቱ ጆሮው አንድ ምክንያት ካገኘ በኋላ ሌላ ምክንያት አለመፈለጉ ነው።

እንግሊዞች ይህን አደጋ አስቀድመው ዐውቀውት ነበር። በ1939 ጦርነቱ ሲጀመር ቢቢሲ ጣቢያዎቹን በጥቂት የጋራ ሞገዶች ላይ አስተባበረ፤ ይኸውም የጀርመን አይሮፕላኖች አንዱን ጣቢያ ከሌላው ለይተው መንገድ እንዳያበጁበት ነው። አሜሪካውያንም በ1951 ዓ.ም. በአደጋ ጊዜ ጣቢያዎች ሁሉ በሁለት ሞገዶች፣ በ640 እና በ1240 ኪሎ ሄርትዝ ብቻ፣ እየተፈራረቁ እንዲናገሩ ሕግ አወጡ። ከ1953 ጀምሮ በዚያ አገር በተሠሩ ራዲዮኖች መደወሪያ ላይ በነዚህ ቍጥሮች አጠገብ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይታዩ ነበር፤ ሥርዓቱም እስከ 1963 ቈየ። ከቤቱ ተቀምጦ ሙዚቃ የሚሰማ ሰው የዚያ ምልክት ምክንያት የአይሮፕላን ነጂ ጆሮ መሆኑን አስቦ ይሆን?

ከጦርነቱ በኋላ የተሻሉ መሣሪያዎች ስለ ተሠሩ መንገድ የማየቱ ሥራ ከጆሮ ወደ ዓይን ተመለሰ። ጆሮ ግን አላረፈም። ሰማዩ በአይሮፕላን በተሞላ ጊዜ ከምድር የሚናገረውን የበረራ ተቈጣጣሪ መስማት ግዴታ ሆነ፤ ነጂው የራሱ አይሮፕላን ስም ሲጠራ ብቻ ሳይሆን፣ ሌሎቹ የት እንዳሉ ከንግግራቸው መረዳት አለበት።

በሴፕቴምበር 11 ቀን 1974 አንድ ዲሲ-9 አይሮፕላን 82 ሰዎች ይዞ በአሜሪካ ሻርሎት ወደምትባል ከተማ በጉም ውስጥ ለማረፍ ሲወርድ፣ ነጂዎቹ ስለ ፖለቲካና ስለ አሮጌ መኪና ይጨዋወቱ ነበር። ወደ ምድር መቅረባቸውን የሚያስጠነቅቀው ድምፅ ጮኸ፤ ልብ ያለው ግን አልነበረም። ከማረፊያው ሜዳ ሳይደርሱ ወደቁና 72 ሰዎች ሞቱ። ድምፁ ከጆሮአቸው ደርሶ ከልባቸው አለመድረሱን ልብ እንበል። በ1981 የአሜሪካ መንግሥት አይሮፕላን ከ10,000 ጫማ በታች ሲሆን ለበረራው የማያስፈልግ ማናቸውንም ሥራ፣ ጨዋታም፣ መብልም፣ ንባብም እንዳይደረግ ከለከለ። ሙዚቃ በስሙ ባይጠራም በክልከላው ውስጥ መግባቱ አያጠራጥርም።

ከዚያ ከፍታ በላይስ? በኦክቶበር 2009 ወደ ሚኒያፖሊስ 144 መንገደኞች ይጓዝ የነበረ አይሮፕላን ከተማዋን 240 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ሄደ። ሁለቱ ነጂዎች በተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ላይ ተመስጠው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የተቈጣጣሪዎቹን ጥሪ አልሰሙም፤ የነቁትም አስተናጋጇ መቼ እንደሚያርፉ ስትጠይቃቸው ነው ይባላል። ማንም አልሞተም፤ ግን በ2014 በመንገደኛ አይሮፕላኖች እንዲህ ያለ የግል መሣሪያ በነጂዎች ክፍል ውስጥ ተከለከለ።

እኛ ሙዚቃን የምንጠላ አይደለንም። ዩሪ ጋጋሪን በአፕሪል 12 ቀን 1961 ሮኬቱ እስኪነሣ ተቀምጦ ሲጠብቅ ሙዚቃ ጠይቆ የፍቅር ዘፈን ተሰምቶለታል፤ ያን ጊዜ ጆሮው ሥራ ፈት ነበርና ደስ ይለናል። ትንሽ አይሮፕላን ይዞ በጠራ ሰማይ ብቻውን የሚበርም ሰው፣ ረዥም መንገድ ሲያንቀላፋው ጥቂት ዜማ ቢሰማ አንነቅፈውም። መንገደኞች የጫነው ነጂ ግን ጆሮው የራሱ ብቻ አይደለም፤ ለእርሱ አንፈቅድለትም። ዛሬ ለግል ነጂዎች የሚሸጡ አንዳንድ ማዳመጫዎች ተቈጣጣሪው ሲናገር ሙዚቃውን ራሳቸው ዝም ያሰኙታል። መልካም ብልኀት ነው። ሆኖም ማዳመጫው ዝም የሚያሰኘው በራዲዮ ለሚመጣ ንግግር ብቻ ነው፤ የሞተሩ ድምፅ ቢለወጥ ዘፈኑ ይቀጥላል።